ለዳንስ የሰጠሁት እጅ

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፉል ቤቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የቤቱ ባለቤት ሐጃ ዘይነብ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መኮንን መስኮቱ ጋ ቆሞ ደጅ የቆመውን አይሱዙ ያያል። የአይሱዙው ሹፌር ሰይድ የሲዲ ማጫወቻው ላይ ጎንበስ ብሎ ገመድ ይነካካል። ደላላው ጋሽ ደምሴ ጥግ ያለው የገመድ አልጋ ላይ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተኝተዋል። እኔ መቃኑን ተደግፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ጥቁር ለብሻለሁ። ዕቃዬ በሙሉ መኪናው ላይ ተጭኗል፤ የቤቴ ቁልፍ መኮንን ኪስ ውስጥ ነው።

ማን የት እንደነበረ ያስቀደምኩት በኋላ ክርክር ስለተነሳበት ነው። ሰው ሁሉ ከቆመበት ሆኖ ያየውን ተናግሯል። እኔም ከበሩ ሆኜ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ስሜ ስንዱ ይባላል። ያኔ አምሳን አልፌ ነበር። መተማ ዮሐንስ የወረድኩት ባለቤቴ ሰሊጥ ሊያለማ ጎንደርን ሲለቅ ተከትዬው ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ሥራ ግን ይዤ አላውቅም። ልጅ አልወለድንም። እሱ በወባ ሲሞት እርሻው የኪራይ ስለነበር ወደ ሌላ ሰው ተላለፈ። ለእኔ የቀረኝ ከጉምሩክ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ቤታችን ነው። ሰፊ በረንዳ አለው። ሁለት ዓመት ብቻዬን ተቀመጥኩበት። ሰው ሲመጣ አስተናግዳለሁ፣ ካልመጣ ዝም እላለሁ። ዝምታው ከሐዘኑ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከልጅነቴም እንዲሁ ነኝ።

መኮንን ክፉ ሰው አይደለም። ጎንደር ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል አዘጋጅቶ ሊወስደኝ መጣ። ልጆቹን ልጠብቅለት፣ እሱም ሊጦረኝ፣ የመተማው ቤት ሊሸጥ ተባለ። «እትየ፣ በዚህ በረሃ ብቻዎን ምን ሊያደርጉ?» አለኝ። አሰብኩ፤ መልስ አጣሁ። መልስ የሌለው ሰው ዕቃውን ያስራል፤ እኔም አሰርኩ። ግን መሄድ አልፈልግም ነበር። ሙቀቱንም፣ የመኪናውን ጩኸትም፣ ከድንበሩ ማዶ የሚመጣውን ሰውም ለምጄዋለሁ። ይህን ለመኮንን አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም።

ጊዜው ክረምት ነው። መንገዱ ገና አስፋልት አልሆነም። ልንነሳ ስንል በጎንደር መንገድ ከሸኸዲ በፊት ያለው ወንዝ ሞልቶ መኪና አያሳልፍም ተባለ። ሰይድ፣ የወሎ ልጅ ነው፣ ነገሩ ደስ ያለው መሰለ።

«ውሃው እስኪጎድል ሐጃ ጋ ፉል እንበላለን፤ ፊልምም አለኝ» አለ።

ሐጃ ዘይነብን ከመጣሁ ጀምሮ አውቃታለሁ። እሷም ባሏ የሞተባት ናት። ፉል ቤቱ የኪራይ ነበር፤ አከራይዋ ክረምቱ ሲወጣ እንድትለቅለት ነግሯታል። ሌላ ቤት ስታፈላልግ ከርማለች። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ካራቴ ነው» አለ ሰይድ ሲዲውን እያጸዳ። «ከማዶ፣ ከጋላባት ነው ያመጣሁት። ሽፋኑ ላይ የጃፓን ጽሕፈት አለው።»

«እንግዲያ ድምፁን ቀንሰው፤ ጋሽ ደምሴ ተኝተዋል» አለች ሐጃ።

«ወላሂ፣ እሳቸውን መድፍም አይቀሰቅሳቸው! የሚነቁት ገዥና ሻጭ ሲነጋገሩ ብቻ ነው።»

ፊልሙ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ሩዝ ያጥባል። ከፊቱ ባዶ ወንበር አለ። ብቻውን በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ መብራቱን አጠፋ።

«ይሄ ዋናው መምህሩ ነው» አለ ሰይድ። «ቆዩ፣ አሁን ሌቦች ይገባሉ።»

ሌባ አልገባም። ነጋ፤ ሽማግሌው ደግሞ ሩዝ አጠበ።

«ምግብ ቤት ነው እንዴ ያመጣህልን?» አለች ሐጃ።

«ታገሡ ሐጃ። ትልቅ ካራቲስት እኮ መጀመሪያ ደካማ መስሎ ነው የሚታይ።»

መኮንን ከመስኮቱ ሳይዞር ሳቀ። «ሰይድ፣ ሸውደውሃል» አለው።

ከሥዕሉ ግርጌ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ያልፋል። ሐጃ አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ስንዱ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ምን ይላል?»

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው። «ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው። ሚስቱ ሞታለች።»

«አላህ ይማራት» አለች ሐጃ። ማንም ወደ ጥቁር ልብሴ አላየም። ላለማየት መጠንቀቃቸው ታወቀኝ።

ሽማግሌው ኮቱን ለብሶ ወጣ። ደረጃ ወጣ፣ አንድ ሰፊ አዳራሽ ገባ። በእሱ ዕድሜ ያሉ ወንዶችና ሴቶች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይዞራሉ።

«ዳንስ ቤት ሄደ» አልኩ።

«ሚስቱ በሞተች?» አለ መኮንን። አሁን ከመስኮቱ ዞሯል። «በዚህ ዕድሜው! የሽማግሌ ባለጌ!»

«መጠጥ ቤት አይደለም። ዳንስ የሚማሩበት ነው።»

«ትከሻው አይወልቅም?» አለ ሰይድ።

«በትከሻ አይደለም፤ በእግር ነው» አልኩ።

ሦስቱም አዩኝ። «አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?» አለች ሐጃ።

«ይታያል እኮ» አልኩ።

ያወቅሁት ግን ከፊልሙ አልነበረም። ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስማር አንዲት የውጭ አገር አስተማሪ ለወላጆች በዓል ቫልስ የሚባለውን ዳንስ አስተምራን ነበር። ሴቶች እርስ በርስ ተያይዘን ነበር የምንለማመድ። እኔ ቁመቴ ረዘም ስለሚል እንደ ወንዱ ሆኜ ነበር የምመራ። በዓሉ ሲደርስ አባቴ እንዳያየኝ ፈርቼ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ዳንስ አላነሳሁም። ባለቤቴም አያውቅም ነበር፤ ጠይቆኝ ስለማያውቅ አልነገርኩትም።

አሁን ነገሩ ሁሉ ወደ ተበላሸበት፣ ወይም ወደ ተቃናበት ቃል ደረስኩ። ዳንስ የምታስተምረው ሴትዮ ሽማግሌውን ብቻውን እግሩን ሲያነሳ ሲጥል አይታ ጠራችው። ብቻህን ሆነህ አትችለውም፣ አብሮህ የሚደንስ ሰው ያስፈልግሃል ነው የምትለው። ቃሉን በእንግሊዝኛ አነበብኩት፤ በአማርኛ አልመጣልኝ አለ። «ጓደኛ» ብል አነሰብኝ። «የትዳር ጓደኛ» ብል ሌላ ነገር ይሆናል። «ባልደረባ» የመሥሪያ ቤት ነው። ጽሑፉ ሊያልፍ ሆነ። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ነገር ይዞ አብሮ ሲቆም የሚባልበት፣ በየቀኑ የምንሰማው አንድ ቃል አለ።

«ብቻህን አይሆንም፤ ሸሪክ ያስፈልግሃል ትለዋለች» አልኩ።

የሐጃ እጅ ባቄላው ላይ ቆመ። «ሸሪክ? ምን ሊነግድ ነው?»

«አሁን ገባኝ!» አለ ሰይድ ጭኑን መታ አድርጎ። «ዳንሱ ሰበብ ነው። ውስጡ ንግድ ነው።»

ላርመው ይገባኝ ነበር። ግን ሥዕሉ ይሮጣል፣ ጽሑፉ ይመጣል፤ አንዴ ሸሪክ ብያለሁና በዚያው ቀጠልኩ። ሽማግሌው አንዲትን ሴት ሸሪክ እንድትሆነው ጠየቀ። ትንሽ አብረው ከሄዱ በኋላ ትታው ተቀመጠች።

«ምን አጠፋ?» አለች ሐጃ።

«እግሯን ረገጣት።»

«እግር ስለረገጣት? ሸሪክና ሸሪክ እግር ሳይረጋገጥ ይውላል እንዴ? በዚህ ሽርክና ይፈርሳል?»

«ሐጃ፣ የእርስዎ ሸሪክ የሚሆን ሰው እግሩን በብረት ይጫማ በሉን» አለ ሰይድ።

«አንተ ዝም በል፤ ካራቴህን ፈልግ!»

ሌላዋም እንቢ አለችው። ሽማግሌው ቤቱ ገብቶ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ከወንበሩ ጋር ተለማመደ። ሰይድ ሊሳለቅ አፉን ከፈተና ተወው። መኮንን መስኮቱን ትቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ሽማግሌው ዓሣ ገበያ ሄደ። አንዲት በዕድሜ የገፋች ዓሣ ሻጭ ነበረች፣ ዳንሱ አዳራሽ ኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጠች ሌላውን ስታይ የምታመሽ። ሥራዋን እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃትና እጁን ዘረጋ።

«ሸሪክ ትሆኚኛለሽ? ይላታል» አልኩ።

ሴትዮዋ እጇን አየች። በሽርጧ ጠረገችው፣ አሸተተችው፣ እንደገና ጠረገችው። ከዚያ ሰጠችው። እዚያው በዓሣ ሣጥኖቹ መካከል መዞር ጀመሩ። ሽማግሌው ሳቀ። ከፊልሙ መጀመሪያ አንስቶ ሲስቅ ያየነው ያኔ ነው። የሚነበብ ነገር አልነበረም። ሙዚቃውና ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማል።

ሐጃ ዘይነብ የባቄላውን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች። ተነሣች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ በሩ መጥታ ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ስንዱ፣ ሸሪክ ሁኚኝ» አለች።

የፊልሙን የምትጫወት መሰለኝ። ሐጃ ቀልድ ታውቃለች። እኔ ግን ቀልድ የሚቀለድብኝ ሰው አይደለሁም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ፈገግ ብዬ እዚያው መቃኑ ጋ እቀር ነበር። ያን ቀን ዕቃዬ ተጭኗል። ከዚያ ቤት ስወጣ የምሄደው ወደ ሰው ቤት ነው። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። መቃኑን ለቀቅሁ፣ ቀኝ እጇን በቀኝ እጄ ያዝኩ፣ «እሺ» አልኩ።

ከዚያ እጇን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩ፣ ቀኜን ጀርባዋ ላይ አደረግሁ፣ አንድ እግሬን ወደፊት ላክሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሐጃ።

«ወደ ኋላ ሂጂ።»

«ለምን እሄዳለሁ?»

«እኔ ስመጣ አንቺ ትሄጃለሽ። የመጀመሪያውን ረዘም፣ ቀጥሎ ያሉትን አጠር አድርጊ።»

«ያ ረቢ! ይህች ሴት ምን ነካት?» አለች፤ ግን ሄደች። እግሬን ረገጠችው። ይቅርታም አልጠየቀች። ደግመን ሞከርን። በወንበሮቹ መካከል ዞረን ቴሌቪዥኑ ጋ ስንደርስ እርምጃውን ያዘችው። ሁለታችንም ወፍራሞች ነን፣ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ወለሉም አፈር ነው። እግሬ ግን የተማረውን አልረሳም ነበር። ሐጃ ትስቃለች። እኔም ሳቅሁ ይላሉ። ደስ አለኝ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

«እትየ!» አለ መኮንን ተነሥቶ። «ኧረ እትየ! ጥቁር ለብሰው!»

በዚህ መካከል ጋሽ ደምሴ ነቁ። ሸሪክ የሚለው ቃል በእንቅልፋቸው ሲመላለስ ቆይቶ ኖሯል። ባርኔጣቸው ወደቀ። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው አዩ። በመተማ ዮሐንስ ሁለት ሰው ሸሪክ ሲሆን እጅ ይያያዛል፣ ሦስተኛ ሰው መዳፉን ከላይ አሳርፎ «መብሩክ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ውሉ የጸና ነው፣ የሚያፈርስ ሰው ከተማው ውስጥ አብሮት የሚነግድ አያገኝም። ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት ሥራ ይህ ነው። ባዶ እግራቸውን ዘልለው መጡና ሰፊ መዳፋቸውን እጃችን ላይ አሳረፉ።

«መብሩክ! ይበርክትላችሁ!» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን እያሹ «ምኑ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰይድ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሳቁ አላስቆመውም። ሐጃ ግን አልሳቀችም።

«በረንዳው» አለች። «የስንዱ በረንዳ። ቤቱ የእሷ፣ ፉሉ የእኔ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሐጃ የጠየቀችኝ ዳንስ አልነበረም። እኔ የሰጠሁት ሌላ፣ እሷ የተቀበለችው ሌላ ነው።

«ይሄማ ጨዋታ ነው» አለ መኮንን። «ፊልም ሲያዩ የተጫወቱት ነው። ቤቱ የሚሸጥ ነው፤ ገዥ ጠይቆናል።»

«እኔ እጄን ያሳረፍኩበት ጨዋታ ሆኖ አያውቅም» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ተኝተው ነበር እኮ!»

«እጄ አልተኛም።»

«በግራ እጇ ነው የያዘቻት! በግራ እጅ የሚገባ ውል አለ?»

ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። እውነት ነው፣ በግራ እጅ ውል የለም። ወደ እጃችን አዩ። ሐጃም አየች።

«መጀመሪያ በቀኝ ነው የያዘቻት» አለ ሰይድ ከመሬት። አሁን ሳቁን ትቷል። «እሺ ብላ በቀኝ ነው የያዘች። ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ። ወደ ግራ ያዞረችው ኋላ ነው።»

«አንተ የማን ሹፌር ነህ?» አለው መኮንን።

«የእርስዎ ነኝ ጋሼ። ያየሁትን ግን አይቻለሁ።»

መኮንን ወደ እኔ መጣ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። አልተቆጣም፤ ተጨንቆ ነበር። «እትየ፣ እርስዎ ውሸት አያውቁም። ይንገሯቸውና እንሂድ። እጅዎን የሰጡት ለምንድን ነው?»

ሐጃ እጄን አልለቀቀችም፤ ግን አላጠበቀችውም። እውነቱን ብናገር ነገሩ እዚያው እንደሚያበቃ ሁላችንም አውቀናል። ሐጃ በስህተት የተሰጣትን የምትይዝ ሴት አይደለችም። እኔም ያልሆነውን ሆነ አልልም።

«ለዳንስ ነው የሰጠሁት» አልኩ።

ሐጃ እጄን ለቀቀች። መኮንን በረጅሙ ተነፈሰ። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

«ግን አልመልሰውም» አልኩ። ቀኝ እጄን መልሼ ዘረጋሁላት። «አሁን ለበረንዳው ነው።»

ሐጃ ወዲያው አልያዘችኝም። «አስበሽበታል?» አለችኝ።

«አላሰብኩበትም።»

«ተማም፣ ይሁን» ብላ ያዘችኝ። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን ትተው መዳፋቸውን አሳረፉ። ሁለተኛውን መብሩክ ቀስ ብለው፣ እንደ ሥራቸው አድርገው አሉት።

«ወንድሜን ምን እላለሁ?» አለ መኮንን። ሰው ሲጨንቀው ለሞተም መልስ ያዘጋጃል። «ቤቱ ውስጥ ነች በለው» አልኩት።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ከዚህ ምን እንደምትወስዱ አላውቅም። ሳላስብ እጄን ሰጥቼ ተሳካልኝና እናንተም ስጡ አልላችሁም። የሆነውን ልንገራችሁ። ክረምቱ ሲወጣ ፉል ቤቱ በረንዳዬ ላይ ተከፈተ። ብዙ ዓመት አብረን ሠራን፤ ብዙም ተጣላን። ሐጃ አንድም ቀን አንገላትታኝ አታውቅም፣ እግሬን ግን ረግጣዋለች። ጥቁሩን በዚያው ሳምንት አወለቅሁ፤ ማንንም አላማከርኩም። መኮንን በዓመቱ ልጆቹን ይዞ መጣና በረንዳው ላይ ፉል በላ። ስለዚያ ቀን አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

በእኔ በኩል የተለወጠው አንድ ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው መጀመሪያ መልሱን ያገኛል፣ ከዚያ ይነሣል ብዬ አምን ነበር። መኮንን «ብቻዎን ምን ሊያደርጉ?» ሲለኝ ቁጭ ብዬ መልስ የፈለግሁት ለዚህ ነው። ቁጭ ብዬ አላገኘሁትም። ስነሣ እንኳ አላገኘሁትም፤ ሌላ ሰው ይዞት መጣ። ዳንስ ሊማር የሄደው የጃፓን ሽማግሌም ይህን አውቆ የሄደ አይመስለኝም። ቤቱ ውስጥ ወንበሩ ባዶ ስለሆነበት ነው የወጣው። ደስታን ሊፈልግ ወጣ ቢባል አላምንም። ሳይፈልጋት የደስታን ተረከዝ ረገጠ ቢባል ይሻላል። ስለ ደስታ የማውቀው ይህን ያህል ነው።

በዚያን ቀን ዝናቡ ሲያባራ ወንዙ መጉደሉን የሚናገር መኪና መጣ። መኮንን ወጥቶ መኪናው ጎን ቆመ። ሰይድ ተከትሎት ወጣና ሸራውን ፈታ። ሣጥኔን፣ ፍራሼን፣ ድስቶቼን ተራ በተራ ማውረድ ጀመረ። ጋሽ ደምሴ ሳይጠሩ አብረው ተሸከሙ። ፊልሙ አላለቀም ነበር። ሽማግሌውና ዓሣ ሻጯ ብዙ ሰው የተሰበሰበበት አዳራሽ ሊገቡ በር ላይ ቆመው ጫማቸውን ያስራሉ፤ ከግርጌው ጽሑፍ ያልፋል።

«ስንዱ፣ ምን ይላል?» አለች ሐጃ፣ ባቄላዋን መልሳ ጭኗ ላይ አድርጋ።

ነጠላዬን አስተካክዬ የቤቴን ቁልፍ ከመኮንን ልቀበል ወጣሁ።